ከረጢቱ የት ያድራል? የገጠር መንገድ ዳርን በደቦ የማጽዳት መመሪያ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጠዳ በኩል ወደ ማክሰኝት የሚሄደውን አስፋልት ግንቦት ላይ በእግሩ የተጓዘ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ሣሩ አልቋል፣ አዝመራው ከተሰበሰበ ቆይቷል፣ ማሳው ባዶ ነው። በማሳውና በአስፋልቱ መካከል ያለችው ስስ መሬት ግን ሙሉ ናት፦ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የብስኩት ልባስ፣ ጫት የተጠቀለለበት ላስቲክ። ግራሩ ላይ የተሰካው ጥቁር ፌስታል ከሩቅ ሲታይ አሞራ ይመስላል።

ከአካባቢዬ ሰዎች ጋር ሆኜ የዚህን መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ አጽድቻለሁ። የመጀመሪያው ከሽፏል፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም በእርሱ የተነሣ ነው። አርባ ያህል ሰው ወጣ። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ከ60 በላይ ማዳበሪያ ሞላን። «ከሰዓት በኋላ መኪና ይመጣላችኋል» ተብለን ስለነበር ከረጢቱን ድልድይ ሥር ደርድረን ተበተንን። መኪናው በዚያ ቀን አልመጣም፣ በዚያ ሳምንትም አልመጣም። ውሻ ቀደደው፣ ፍየል ጎተተው፣ ነፋስ በተነው። በሁለተኛው እሑድ ስንመለስ በሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ተበታትኖ የነበረው ቆሻሻ በሙሉ አንድ ወንዝ ውስጥ ተከማችቶ ጠበቀን። ባንነካው ይሻል ነበር። ብዙ ሰው ያን ቀን ተስፋ ቆርጦ ለሁለተኛው ጥሪ አልመጣልንም፤ ከቆሻሻው ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው።

ደረጃ 1፦ ከረጢቱ የት እንደሚያድር ወስኑ

አንድም ላስቲክ ከመነሣቱ በፊት የተሞላው ከረጢት በዚያው ዕለት የት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወስደው፣ በምን እንደሚወስደው ይታወቅ። «መኪና ይላካል» የሚለው ቃል መልስ አይሆንም። የሹፌሩን ስም፣ የሚመጣበትን ሰዓት፣ የነዳጁን ወጪ የሚሸፍነውን ሰው፣ መኪናው ቢቀር ተተኪው ምን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ጻፉት። እኛ በሁለተኛው ጊዜ ከአንድ አይሱዙ ሌላ አራት የአህያ ጋሪ በተጠባባቂነት ይዘን ነበር። አይሱዙው ዘግይቶ መጣ፤ ጋሪዎቹ ግን እስከዚያ ግማሹን አጓጉዘው ነበር። ሁሉም ቢቀር እንኳ ከረጢቱ ሜዳ ላይ እንዳያድር የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበትን ቤት ቁልፍ አስቀድመን ተቀብለናል። ያች ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ስለነበረች ያን ቀን ልቤ አልተንጠለጠለም።

ለከተማ ቅርብ ከሆናችሁ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተስማምታችሁ ወደ ከተማው የቆሻሻ መድፊያ ውሰዱት። ሩቅ ከሆናችሁና መኪና የማይታሰብ ከሆነ ቅበሩት። መቅበር ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ከሜዳ ግን ይሻላል። ጉድጓዱ ከምንጭ፣ ከውኃ ጉድጓድና ከወንዝ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ። ጎርፍ የማያልፍበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆፈር፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት አይነስ፣ ሲዘጋም ቢያንስ ግማሽ ሜትር አፈር ይደልደልበት። እስኪዘጋ ድረስ በእሾህ ይታጠር። መሬቱ የማን እንደሆነ ደግሞ ሳትጠይቁ አትቆፍሩ፤ በሰው ግጦሽ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ጠብ ይወልዳል።

ሁለት ነገር ግን ጨርሶ አይደረግ። አንዱ ማቃጠል ነው። ኅዳር ሲታጠን ሁላችንም ያደግንበት ልማድ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ግቢና ደጅ ይጠረጋል፣ የተጠረገውም ይቃጠላል። መጥረጉ መልካም ነው፣ አብሮ መውጣቱም መልካም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ያረጀ ጨርቅ ነበር። የዛሬው ላስቲክ ነው፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ እሳቱን ከበው የሚቆሙት ደግሞ ልጆች ናቸው።

ሌላው ቦረቦር ውስጥ መድፋት ነው። «ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል» ይባላል። ይወስደዋል፤ የት እንደሚያደርሰው ግን እናስብ። የጎንደር ከተማን የሚያቋርጡት ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አልፎ ጣና ይገባል። ከእኛ በታች ያለ ገበሬ በዚያ ውኃ ሽንኩርት ያጠጣል፣ ከብቱን ያጠጣል። እምቦጭ ሊነቅል ጣና ዳር የዋለ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል፦ ነቅለው ውኃው አፋፍ ላይ የተዉት አረም ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይንሳፈፋል።

ደረጃ 2፦ መንገዱን በእግር ሄዳችሁ ቁጠሩ

ከሁለት ኪሎ ሜትር አትብለጡ። ከአንድ ድልድይ እስከ አንድ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ፣ ከአንድ ዋርካ እስከ ወፍጮ ቤቱ፤ ማንም ሰው «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ሊጠቁመው የሚችል ወሰን ይኑረው። ሁለት ሰው ደብተር ይዞ ይሂድ። በየ100 እርምጃው ቆም ብላችሁ በመንገዱ በአንድ በኩል ያለውን ቁጠሩ፤ ሃይላንዱን ለብቻ፣ ፌስታሉን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ።

ስትቆጥሩ አንድ ነገር ትገነዘባላችሁ፤ ቆሻሻው እኩል አልተበተነም። ሚኒባስ ሰው የሚያወርድበት ቦታ፣ ጭነት መኪና አቀበት ላይ የሚያዘግምበት ቦታ፣ መንገደኛ ምሳውን የሚበላበት የዛፍ ጥላ፣ ጫት ከሚሸጥበት መንደር ትንሽ አለፍ ያለው ቦታ። ከእነዚህ ውጭ ያለው ስስ ነው። ሰውና ከረጢት የምትመድቡት በዚህ ቆጠራ መሠረት ነው። ኋላም ሥራችሁ ለውጥ ማምጣቱን የሚነግራችሁ ይኸው ደብተር ስለሆነ ለሚጠነቀቅለት ሰው ስጡት።

በየቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ግቡና እዩ። እኛ በአስፋልቱ ሥር የሚያልፍ አንድ ቱቦ አፍ ላይ ከደለሉ ብቅ ያለች የሰማያዊ ፌስታል ጫፍ አየን። ስትሳብ አልወጣ አለች። በእጃችን አፈሩን ስንጭር ከሥሯ ሌላ ፌስታል፣ ከእርሱም ሥር የተጨፈለቀ ሃይላንድ፣ ከእርሱም ሥር የነጠላ ጫማ ተረከዝ፣ እንደገና ደለል፤ እንደ ድርብ እንጀራ ተነባብሮ ነበር። እያንዳንዱ የደለል ንብብር የአንድ ክረምት መሆን አለበት። ቱቦው ሲደፈን ውኃው መሄጃ ያጣና በአስፋልቱ ላይ ይሻገራል፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ከሥሩ ይበላዋል፣ ከዚያም ማሳ ውስጥ ገብቶ ቦረቦር ይከፍታል። የመንገዱ ዳር ተቆርሶ ያያችሁበት ቦታ ካለ በቅርቡ የተደፈነ ቱቦ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ለሰዉ ስለ በሬው ንገሩት

መጀመሪያ አካባቢ ስለ ንጽሕናና ስለ ውበት ነበር የምናገረው። ሰው በጨዋነት ሰምቶኝ ወደ ሥራው ይሄዳል። ነገሩን የለወጡት አንድ አዛውንት ናቸው። የእርሻ በሬያቸው ሣር እየቀረበለት አልበላ እያለ፣ ግራ ጎኑ ተነፍቶ አጥንቱ ወጣ። መድኃኒት አስወጉት፣ አልዳነም። ሳይሞት ይታረድ ተባለ። ጨጓራው ሲከፈት ከውስጡ የእግር ኳስ የሚያህል፣ እንደ ጠፍር የተገመደ የላስቲክ ጥቅል ወጣ። ያን ዕለት እኔም ነበርኩ፤ ጥቅሉን በቢላዋ ስንተረትረው የአንዳንዱ ፌስታል ጽሑፍ ገና ይነበብ ነበር።

ላስቲክ በከብት ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፣ አልፎም አይወጣም። ምግብና ጨው የነካው ፌስታል ለከብት ስለሚጣፍጠው ይውጠዋል፤ እየተጠራቀመ ለመኖው ቦታ ይነሣዋል። አዛውንቱ በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ተነሥተው «ልጆቼ፣ እኔ ራበው ብዬ ድርቆሽ ስገዛለት፣ እርሱ ለካ ሆዱ ሞልቶ ኖሯል የሚራበው» አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ የተናገርኩት ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነው። በእናንተም አካባቢ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ፈልጉትና እርሱ ይናገር።

ጥሪው በእድሩ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ ይተላለፍ። ለቀበሌው አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በዚህ ዘመን ሰው ማልዶ መንገድ ላይ ተሰብስቦ ሲታይ ለምን እንደወጣ የሚያውቅ አካል መኖር አለበት። የትራፊክ ፖሊስ ካለም ይወቅ።

ስለ ቀኑ፦ ገበሬ ሞፈር የማያነሣበት የወር በዓል፣ ለምሳሌ 12 ወይም 21፣ ሰው በብዛት የሚገኝበት ቀን ነው። ሆኖም የበዓል ቀን ስለሆነ ካህናቱን ሳትጠይቁ አትወስኑ። እኛን የደብሩ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ ይሁን ብለውናል። ስለ ወቅቱ ግን ጥብቅ አቋም አለኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ማንንም አትጥሩ። ክረምት ሣሩ ቆሻሻውን ይሸፍነዋል። የሚሻሉት ሁለት ጊዜያት ናቸው፦ አንዱ ጥር፣ ጥምቀት ካለፈና የሚካኤል ታቦት በ12 ከገባ በኋላ፤ የገጠሩ ጥምቀተ ባሕር አካባቢ ያን ሰሞን ፌስታልና ሃይላንድ አይለየውም። ሌላው ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ሳይገባ፣ ጎርፉ ሳይቀድማችሁ። አንዱን ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ ግንቦትን።

ደረጃ 4፦ ዕቃ

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ከየቤቱ ይሰብሰብ፤ ጥቅም ላይ የዋለ ስለሆነ ታጥቦ ይምጣ። ወፍራም ጓንት ለሁሉም ባይደርስ ከረጢት ለሚይዘው ሳይሆን ለሚለቅመው ይሰጥ። ነጠላ ጫማ የለበሰ ሰው ቦይ ውስጥ አይግባ። እሾህ ላይ ለተሰካ ፌስታል ከመንሽ የሚሻል ነገር አላገኘንም፤ የአውድማው መንሽ እጅን ሳያስቧጭር ያወርደዋል። ለቱቦ አካፋና ዶማ ይያዝ። ሁለት ጀሪካን ውኃና ሳሙና ደግሞ የግድ ነው።

ደረጃ 5፦ የዕለቱ አሠራር

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራችሁ በ4 ሰዓት ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩም ይከብዳል፣ መኪናውም ይበዛል።

ሰውን አምስት አምስት አድርጋችሁ ከፋፍሉ። ሦስቱ ይልቀሙ፣ አንዱ ከረጢት ይያዝ፣ አንዱ መንገዱን ብቻ ይመልከት። አምስተኛው ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፤ እርሱን ግን አትቀንሱት። አይሱዙ ቁልቁለት ላይ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ሰው አይሰማውም፤ «መኪና!» ብሎ የሚጮህለት ያስፈልገዋል። ሁሉም ቡድን በመንገዱ በአንድ በኩል ብቻ ይሥራ፤ ያ ሲያልቅ አብሮ ይሻገር። ፊታችሁን ወደሚመጣው መኪና አድርጋችሁ ሂዱ። ከሥራው ቦታ ፊትና ኋላ 100 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ደማቅ ጨርቅ የሚያውለበልብ ትልቅ ሰው ይቁም፤ ኩርባ ካለ ከኩርባው ወዲያ ይቁም። አስፋልቱ ላይ የወደቀን ነገር ለማንሣት ማንም አይሩጥ። ልጆች በማሳው በኩል፣ ከአዋቂ ጋር ብቻ ይሥሩ፤ ከ12 ዓመት በታች የሆኑት ከነጭራሹ አስፋልት ዳር አይምጡ፣ ጠርሙስ መለየቱ ላይ ያግዙ።

ቱቦ የሚጠርጉት ሰዎች ሌላ ቡድን ይሁኑ፣ ጉልበት ያላቸው ይሁኑ። ከታችኛው አፍ ጀምረው ወደ ላይ ይጥረጉ፤ ከላይ ከጀመሩ ደለሉ ወደ ውስጥ ይገፋል። እባብ ሊኖር ስለሚችል እጅ ከመግባቱ በፊት ረጅም እንጨት ይግባ።

ደረጃ 6፦ እጅ የማይነካው

ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ቆሞ ይስማ።

ቢጫ ፈሳሽ ያለበት ሃይላንድ አይከፈት። ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች ሽንታቸውን ሸንተው ይጥሉታል፤ እንደተዘጋ ለብቻ ከረጢት ይግባ። መርፌ፣ ምላጭና የተሰበረ ብርጭቆ በእጅ አይነሣ። በእንጨት ተገፍቶ ወይም በወረንጦ ተይዞ ክዳን ባለው ወፍራም ዕቃ፣ ለምሳሌ በባዶ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ይግባና ወደ ጤና ኬላው ይወሰድ። የተወጋ ወይም የተቆረጠ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ።

የፀረ ተባይና የፀረ አረም ዕቃ ሌላው ነው። መንገድ ዳር ያለ ማሳ ከተረጨ በኋላ ጠርሙሱ ቦዩ ውስጥ ይወረወራል። ታጥቦ ለዘይት ወይም ለውኃ የሚያገለግል የሚመስላቸው እናቶች አሉ፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አይሆንም። ብሱት፣ ለብቻ ያዙት፣ ለግብርና ባለሙያው አስረክቡት። ከሚሸጠው ጋር ከቶ አይቀላቀል።

አራተኛውን በከባድ ልብ እጽፈዋለሁ። አካባቢያችን ጦርነት ያለፈበት ነው። ቦይ ውስጥ ወይም ድልድይ ሥር ጥይት፣ ቦምብ ወይም ምን እንደሆነ የማታውቁት ብረት ብታዩ አትንኩት፣ አትርገጡት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ ንገሩ። በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ሥራው ይቁም።

ደረጃ 7፦ መለየትና መሸጥ

ቆሻሻው መንገድ ላይ እያለ ቢለይ ጥሩ ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ መለየት ሁለተኛ ሥራ ነው። ሃይላንድ በአንድ ከረጢት፣ ቆርቆሮና ብረት በአንድ፣ ፌስታልና ሌላው በአንድ ይግባ። ገረባና ቅጠል ከሆነ ከላስቲኩ ተላቆ እዚያው ይቅር፣ ይበሰብሳል።

ሃይላንዱ ውኃው ይፍሰስ፣ በእግር ይጨፍለቅ፣ ክዳኑ ተመልሶ ይገጠም፤ ክዳኑ ሲገጠም መልሶ አይነፋም፣ ከረጢቱም ብዙ ይይዛል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 80 የሚደርስ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ አትጠብቁ። ከቆራሌው ጋር ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ የራሳችሁን ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። የተገኘው ብር በእድሩ መዝገብ ይግባ፣ ስንት እንደሆነም በስብሰባ ይነገር። እኛ ለጓንትና ለጋሪዎቹ የድካም ዋጋ አውለነዋል።

ደረጃ 8፦ ተመልሶ እንዳይመጣ

መንገዱ ዳር ካለው ቆሻሻ አብዛኛው የእኛ መንደር ሰው የጣለው አይደለም፤ ከመስኮት የተወረወረ ነው። ስለዚህ መናኸሪያ ሂዱ። ከሚኒባስ ረዳቶች አንዱን ሳነጋግረው «ጋሼ፣ ተሳፋሪው የት ይጣልልኝ ብሎ ሲጠይቀኝ መስኮቱን ነው የማሳየው፤ ሌላ ምን አለኝ?» አለኝ። ልክ ነበር። ሁለት ትልልቅ ከረጢት ሰጠነው፤ አንዱን ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጀርባ አሠረው፣ ሁለተኛው ቅያሬ ሆነ። አሁን በዚህ መስመር ከሚመላለሱት በርከት ያሉት አስረዋል። ከረጢቱ የሚራገፍበትን ቦታ ግን መናኸሪያው ውስጥ አዘጋጁላቸው፤ አለበለዚያ ሙሉ ከረጢቱ ራሱ በመስኮት ይወጣል።

በየማቆሚያው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ለማስቀመጥ አትቸኩሉ። በየስንት ቀኑ ማን እንደሚያራግፈው ያልተወሰነ በርሜል በሦስት ሳምንት ውስጥ የቆሻሻ ክምር ይሆናል። የሚያራግፍ ሰው ካገኛችሁ በኋላ በርሜሉን ፈልጉ።

ስለ ፌስታል ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከነአካቴው ከልክሏል። ለባለ ሱቁ ይህን በክስ ቃል አትንገሩት፤ አብራችሁ አማራጩን ውሰዱለት። እናቶቻችን ገበያ የሚወጡበት ዘንቢል ገና ከየቤቱ አልጠፋም።

መንገዱን በእድር ከፋፍሉት፦ ከድልድዩ እስከ ዋርካው የአንዱ፣ ከዋርካው እስከ ወፍጮ ቤቱ የሌላው። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይበቃል። ትምህርት ቤት ካለ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ቆጠራውን ይያዝ፤ ልጆች በቆጠራ ላይ ከእኛ ይልቅ ታማኞች ናቸው።

ከጽዳቱ አንድ ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው 100 እርምጃ እንደገና ቁጠሩ። ደብተሩ የሚላችሁን ተከተሉ። የእኛ ደብተር ሚኒባስ ማቆሚያው አካባቢ በግልጽ እንደቀነሰ ያሳያል፤ ቱቦዎቹም ባለፈው ክረምት አልተደፈኑም። ጫት ከሚሸጥበት መንደር በታች ያለው ቦታ ግን ሦስት ጊዜ ተጠርጎ ሦስት ጊዜ ሞልቷል። ለዚህ ወር ሻጮቹን ላስቲኩን ትተው በኮባ ቅጠል እንዲጠቀልሉ እያነጋገርናቸው ነው። ሁለቱ እሺ ብለዋል።